ለልጆቼ ስል ሥራዬን ላቋርጥ ነው፤ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦

«31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ፋይናንስ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ 7 ዓመት ሞላኝ። የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ሁለተኛውን ልጄን ጥር 20 ገደማ እጠብቃለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ አቁሜ ልጆቼን ራሴ እንዳሳድግ ወስነናል። ከመውለዴ በፊት ትንሽ ልረፍ ብዬም ኅዳር ላይ መልቀቂያ ላስገባ አስቤያለሁ። ደመወዜ 27,000 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 17,700 ገደማ ይቀራል። የባለቤቴ የተጣራ 31,000 ነው። ቤታችንን የገዛነው በባንኩ የሠራተኛ ብድር ነው፤ 900,000 ብርና 15 ዓመት ይቀረናል፣ ወለዱ 7 በመቶ ነው። የወር 5,000 ብር ዕቁብ አለኝ፤ ከ20ው ወር 12ቱን ከፍያለሁ፣ ገና አልደረሰኝም። ሞግዚቷ 6,000 ብር ትወስዳለች፤ ታክሲና ምሳዬ ሌላ 5,400 ነው። እናቴ ‹ይህን ሁሉ ተምረሽ የሰው እጅ ልታዪ ነው?› እያለች ታስጨንቀኛለች። ገንዘቡ ይበቃናል? ስመለስስ ሥራ አገኛለሁ?»

መልስ፦

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት፦ ኅዳር ላይ መልቀቂያ አታስገቢ። ልጆችሽን ራስሽ ለማሳደግ መወሰንሽን እናከብራለን፤ ያሳሰበን ቀኑ ነው። ያው መልቀቂያ ኅዳር ላይ ሲገባና ከወሊድ በኋላ ሲገባ ልዩነቱ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። ጥር 20 የምትወልጂ ከሆነ ታኅሣሥ 20 ትወጫለሽ፣ እስከ ሚያዝያ 20 ደመወዝሽ አይቋረጥም። አራት ወር በ27,000 ሲባዛ 108,000 ብር ነው። ኅዳር ላይ ከለቀቅሽ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ባንኩ የሠራተኛና የቤተሰብ ሕክምና የሚሸፍን ከሆነም የወሊዱ ወጪ ከኪሳችሁ ይሆናል። ሕፃኑ ቀደም ወይም ዘግየት ቢል 90ው ቀን የሚቆጠረው ከወለድሽበት ዕለት ስለሆነ በዚህ አትጨነቂ። ኅዳር ላይ ድካሙ ከበዛብሽ ከዓመት ዕረፍትሽ ላይ ቀንሰሽ አንድ ሳምንት ውጪ። ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂበት ቀንም የሐኪም ማስረጃ እስካቀረብሽ ድረስ ከደመወዝ ጋር ነው። ዕቅድሽ ቢሰማ ያሰናብቱኛል ብለሽ እንዳትሰጊም፣ አሠሪ ሴት ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፣ ሕጉ ራሱ በዘረዘራቸው ልዩ ምክንያቶች (እንደ ከባድ ጥፋት) ካልሆነ በቀር፣ ማሰናበት አይችልም።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ ቁጥሩ ሲሠራ ግን ዕቅድሽ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። የባንክ ሠራተኞች ብድር ዝቅተኛ ወለድ ያገኘው ሠራተኛ ስለሆንሽ ነው። በብዙዎቹ ውሎች ላይ ተበዳሪው ከባንኩ ሲለቅ ወለዱ ወደ መደበኛው የብድር ወለድ እንደሚቀየር የሚገልጽ አንቀጽ አለ። አንዳንዱ ውል ከዚያም አልፎ ቀሪው ዕዳ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ተጠቃሎ እንዲከፈል ያስገድዳል። ዛሬውኑ ውልሽን አውጪና ሥራ ስለ መልቀቅ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ። ቀኑን (ቅየራው የሚጀምረው በለቀቅሽበት ዕለት ነው ወይስ የተሰጠ የእፎይታ ጊዜ አለ?)፣ አዲሱ ወለድ በምን እንደሚሰላና ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዴት እንደሚታይ ለይተሽ ጻፊ።

በቁጥር እንየው። 900,000 ብር በ7 በመቶ በ15 ዓመት ሲከፈል ወርሃዊው 8,090 ብር ገደማ ነው። ወለዱ ለምሳሌ 17 በመቶ ቢሆን 13,850 ይሆናል። ልዩነቱ በየወሩ 5,760 ብር ነው፤ ሞግዚቷን በማቆም ይተርፈናል ካላችሁት 6,000 ጋር እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የመክፈያውን ጊዜ አስረዝማለሁ» ይላል። ወለዱ ከፍ ሲል ግን ማስረዘም እምብዛም አይጠቅምም፤ 15ቱን ዓመት 20 ብታደርጊው ክፍያው ከ13,850 ወደ 13,200 ብቻ ነው የሚወርደው። የሚከፈለው በአብዛኛው ወለድ ስለሆነ ዓመት መጨመሩ ዋናውን ገንዘብ ትንሽ ይበታትነዋል እንጂ ወለዱን አይነካም።

የቤቱን ሒሳብ እንዲህ አስቡት። የሁለታችሁ የተጣራ ገቢ 48,700 ነው። ከዚህ ላይ ብድሩን 8,090፣ ሞግዚት ታክሲና ምሳ 11,400፣ ዕቁቡን 5,000 ስንቀንስ 24,210 ይቀራል፤ ሌላ የምታጠራቅሙት ከሌለ የቤቱ ትክክለኛ ወጪ ይኸው ነው። ሥራ ስታቆሚ የባለቤትሽ 31,000 ብድሩ ሲነሳለት በድሮው ወለድ 22,910፣ በአዲሱ ወለድ 17,150 ይሆናል። ጉድለቱ በመጀመሪያው 1,300፣ በሁለተኛው 7,060 ነው።

ይህ ግን ገና ያልተሟላ ሒሳብ ነው። ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛው የሕፃኑ ወጪ ነው፤ ዳይፐር፣ ልብስ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ። ለዚህ ቢያንስ 2,500 ያዙ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ስለሚሰጥ በዚያ በኩል ወጪ የለባችሁም፤ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር ያሉትን ቀጠሮዎች አታሳልፉ። ሁለተኛው፣ ሞግዚቷ ትቀራለች ስትሉ ሥራዋ አብሯት አይቀርም። ሌሊቱን ስታጠቢ አድረሽ፣ ቀን የ3 ዓመት ልጅ እየተከተልሽ፣ ልብስ አጥበሽ ወጥ ሠርተሽ መዋል ለጥቂት ሳምንት ይቻል ይሆናል፤ ለሁለት ዓመት አይቻልም። እናቶች ዕረፍት ያሉትን ጊዜ አማርረው ወደ ሥራ የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ለልብስና ለጽዳት የምትመጣ ተመላላሽ ያዙ፤ 2,500 መድቡላት። አሁን ወርሃዊ ጉድለታችሁ በድሮው ወለድ 6,300፣ በአዲሱ 12,060 ሆነ። በሁለት ዓመት 151,200 ወይም 289,440 ብር ማለት ነው። ኑሮ በየጊዜው እየጨመረ ስለሆነ ከዚህ በላይ መያዝ እንጂ ማሳነስ አያዋጣም።

ይህን በወረቀት አምናችሁ አትነሱ፤ አሁኑኑ ኑሩበት። ከመስከረም ደመወዝ ጀምሮ እስከ ኅዳር፣ ሦስት ወር። ከአንቺ ደመወዝ የሚከፈሉት ሞግዚት፣ ታክሲ፣ ምሳና ዕቁብ ብቻ ይሁኑ። ብድሩ፣ አስቤዛው፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት፣ እድሩ፣ መብራትና ውኃው፣ ለዘመድ የሚላከው ሁሉ ከባለቤትሽ 31,000 ይውጣ። በዚያ ላይ 5,760 ብር ወለዱ የጨመረ ያህል ቆጥራችሁ ወደ ሌላ አካውንት አስገቡ። በ25ኛው ቀን ገንዘቡ ካለቀ ያለቀበትን ምክንያት ጻፉ። ሙከራው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በዘይትና በጤፍ አይደለም፤ በየሦስት ወሩ በሚመጣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በበዓልና በድንገት በሚደወል የሠርግ ወይም የለቅሶ ጥሪ ነው። እነሱን በዓመት ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና በየወሩ ወጪ ውስጥ አስገቧቸው።

እኛ በአንቺ ቦታ ብንሆን መልቀቂያ አናስቀድምም፤ ረዘም ያለ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንጠይቃለን። አዋጁ ራሱ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚሰጠው ያለ ደመወዝ ፈቃድ የጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ በእሱ አትመኪ። ተስፋው ያለው በባንኩ የሰው ኃይል መመሪያና የሠራተኛ ማኅበሩ በተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። ከማኅበሩ ተወካይ ቅጂውን ተቀበይና «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» የሚለውን ክፍል አንብቢ፤ ስንት ወር እንደሚፈቅድ፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ ስትመለሽ ቦታሽ ይጠበቅ እንደሆነ። አንድ ዓመት ቢፈቀድልሽና ወለዱ ባይነካ የዓመቱ ጉድለት 75,600 ብር ነው። ዕቁብሽ ግንቦት ላይ ሲያልቅ የሚገኘው 100,000 ብር ይህን ችሎ ይተርፋል። ሁለተኛውን ዓመት ያኔ ትወስኛለሽ።

ስለ ዕቁቡ አንድ ማሳሰቢያ። ከቀሪዎቹ ስምንት ወሮች ከመጨረሻው በቀር ሁሉንም የምትከፍይው ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ስለሆነ ችግር የለውም። ዕጣው ቶሎ ቢወጣልሽ ግን ገንዘቡን ለቴሌቪዥን ወይም ለሶፋ አታውጪው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ቀሪውን የመክፈል ዕዳ አለበት። አዲስ ዕቁብ ደግሞ ወደ ሥራ እስክትመለሺ አትግቢ።

ባንኩ ፈቃዱን ከከለከለ መልቀቅ ይመጣል፤ ያኔ ቀኑን በደንብ አስልተሽ ነው። የባንኮች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጉርሻም (ቦነስም) የደመወዝ ጭማሪም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉርሻው የሚከፈለው ሰኔ 30 ላይ በሥራ ላይ ለነበረ ሁሉ ነው ወይስ በሚከፈልበት ቀን ላለ ሠራተኛ ብቻ? መመሪያው ላይ ይገኛል። በ7 ዓመት አገልግሎት የዓመት ዕረፍትሽ በአዋጁ ስሌት 19 የሥራ ቀን ነው (ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ)። ከሚያዝያ 20 በኋላ የቀረሽን የዓመት ዕረፍት ብታያይዢ ግንቦት ግማሽ ላይ ትደርሻለሽ፤ ሰኔ 30 እዚያው ነው። ለስድስት ሳምንት ተመልሶ መሥራት ይከብድሽ ይሆናል፤ የሚገኘው ጉርሻ የሁለት ወር ደመወዝ ከሆነ ግን ያዋጣል። ባለቤትሽም በአዋጁ ለወሊድ የሚያገኘው 3 ቀን ብቻ ስለሆነ የዓመት ዕረፍቱን ከአሁኑ ያስቀምጥ፤ እሱ እቤት የሚውልበት ያ ጊዜ ለአንቺ ትልቅ እፎይታ ነው።

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው። ሳትሰጪ ከወጣሽ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ አምስት ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል፤ ብዙዎች «ራሴ ስለለቀቅሁ አይሰጠኝም» ብለው ይተዉታል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለአንቺ 27,000 እና 9,000 ሲባዛ በ6፣ በድምሩ 81,000 ብር ከግብር በፊት ማለት ነው። ባንኩ ለማስተርስ ወይም ለሥልጠና ከፍሎልሽ ከነበረ የገባሽው ግዴታ አልቆ እንደሆነ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ስንብቱን ብድሩ ላይ ልክፈለው ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። 81,000 ብር ዋናው ላይ ቢገባ በ17 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያሽን በ1,250 ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ባንክ አስቀምጠሽው ቢያንስ ስድስት ወር የሚያኖር ጥሬ ገንዘብ መያዙን እንመርጣለን፤ ባንኩ ስንብቱን ይዤ ከዕዳሽ ላይ ላቻችል እንዳይልም ውሉን እይ።

ሒሳብሽ ውልሽ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ተጠናቅቆ ሊከፈልሽ ይገባል። የቀረብሽ ካለ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካላቀረብሽ መብቱ በይርጋ ይቀራል፤ ጨቅላ ሕፃን ይዞ ስድስት ወር እንደዋዛ ያልፋል።

ክሊራንስ (ስትለቂ ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያረጋግጠው ወረቀት) ላይ ሰዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ፤ ዋስትና። በሰባት ዓመት ውስጥ ለሥራ ባልደረባ ወይም ለዘመድ በደመወዝሽ ዋስ ሆነሽ ከሆነ ያ ደብዳቤ በፋይልሽ ውስጥ ተቀምጧል። ምትክ ዋስ እስኪቀርብ ክሊራንሱ ሊያዝ ይችላል። ዋስ የሆንሽላቸውን ሰዎች አሁኑኑ ዘርዝሪና «እስከ ጥር ሌላ ሰው ፈልጉ» በያቸው፤ በመጨረሻው ሳምንት ከሆነ እነሱም ይደነግጣሉ፣ አንቺም ትመላለሻለሽ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ገልጾ በነፃ ሊሰጥሽ ግድ ነው። አንዳንዴ የሚወጣው የመጨረሻውን የሥራ መደብ ብቻ የሚጠቅስ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን እያንዳንዱን መደብ ከተያዘበት እስከተለቀቀበት ቀን ድረስ ዘርዝረው እንዲጽፉልሽ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀጣሪሽ የሚያየው ይህን ወረቀት ነው፤ ያኔ የሚያውቁሽ ሰዎች ከክፍሉ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። የጡረታ ቁጥርሽንም ጻፊው፤ የአንቺ 7 በመቶና የባንኩ 11 በመቶ በየወሩ ገብቶ እንደሆነ ሳትለቂ አጣሪ። በኋላ ሌላ ቦታ ብትቀጠሪ አገልግሎትሽ ይደመራል፤ የዘወትር ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው ቢያንስ 10 ዓመት ስለሆነ ያለሽ 7 ዓመት እንዲጠፋ አትፍቀጂ።

እናትሽ ስለተናገሩት። የእናት ስጋት ከባዶ አይነሳም፤ የራሳቸው ገንዘብ ሳይኖራቸው የኖሩ ብዙ እናቶች አይተዋል። ሕጉ ግን ከአንቺ ጋር ነው፦ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን ከሁለቱም ጥረት የሚገኘውን ገቢ የጋራ ያደርገዋል። የባለቤትሽ ደመወዝ የሁለታችሁ ነው፤ የምትለምኚው ገንዘብ አይደለም። ይህ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ሦስት ነገር አድርጉ። ደመወዙ ወደ ሁለታችሁም የምታንቀሳቅሱት አካውንት ይግባ። ለእያንዳንዳችሁ «ምን አደረግሽው?» ተብሎ የማይጠየቅበት እኩል የግል ገንዘብ ይመደብ፣ 1,000 ብርም ቢሆን። የቤቱ ካርታም በማን ስም እንደሆነ እዩ፤ በአንዳችሁ ብቻ ከሆነ በሁለታችሁም ስም ይመዝገብ። ይህን ሲሰሙ እናትሽም ልባቸው ያርፋል።

ስለ መመለሱ። ሁለት ዓመት በሌላ ጊዜ ቢሆን ብዙ አይደለም፤ በአሁኑ የባንክ ሥራ ግን ብዙ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 2017 ላይ የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። መመሪያዎች በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ በወር አንድ ቀን፣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር የሚውሉበትን ቅዳሜ ወስደሽ ብሔራዊ ባንክ ያወጣቸውን አዳዲስ መመሪያዎች ድረ ገጹ ላይ አንብቢ፣ የተለወጠውን በሁለት መስመር መዝግቢ። ከዚያ በላይ ለመጀመሪያው ዓመት ከራስሽ አትጠብቂ። ኮርስ ከፍለው ጀምረው ያልጨረሱ እናቶች ገንዘቡንም በራሳቸው ላይ ያላቸውንም እምነት ያጣሉ። ትንሹ አንድ ዓመት ሲሞላውና ሌሊት መተኛት ሲጀምር ያኔ ፈተና ያለው ትምህርት መጀመር ይቻላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሱቆች መዝገብ መያዝም ሙያሽን አያስረሳሽም፤ ፈቃድ ሳይኖርሽ ግን የሒሳብ መግለጫ ላይ እንደ ኦዲተር ወይም እንደ ተመሰከረለት ሒሳብ አዋቂ አትፈርሚ። ከሁለት የቀድሞ ባልደረቦችሽ ጋር በየሁለት ሦስት ወሩ ተደዋወይ፤ ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚሰማው ከእነሱ ነው። ማመልከት የምትጀምሪውም ከምትመለሺበት ቀን ቢያንስ አራት ወር ቀድመሽ ይሁን።

አዲስ ቦታ ስትቀጠሪ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ የዓመት ዕረፍትሽም ከ16 ይጀምራል። ወደ ቀድሞው ባንክሽ ለያው ሥራ ከተመለስሽ ግን እንደገና የሙከራ ጊዜ ሊያስገቡሽ አይችሉም። ይህ ከያለ ደመወዝ ፈቃዱ ባሻገር ከባንኩ ጋር በሰላም ለመለያየት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

አሁን የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ነው። «ሁለተኛ ልጄን በጥር ወር እንደምወልድ ይጠበቃል። የወሊድ ፈቃዴ ሚያዝያ 20 ሲያበቃ፣ ልጆቼን ለማሳደግ የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ በዚሁ ጊዜም የቤት ብድሬ ወለድ ባለበት እንዲቀጥል በማክበር አመለክታለሁ።» በሁለት ቅጂ አዘጋጂው። ለቅርብ ኃላፊሽ አስቀድመሽ በቃል ንገሪያቸው፤ ከመዝገብ ቤት ሰምተው ቅር እንዳይሰኙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ወደ ቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ። ታኅሣሥ 20 ከመድረሱ በፊት ካልመጣ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ጊዜ የማስታወሻ ደብዳቤ ጨምሪ፤ የመልቀቂያውን ጉዳይ የምታነሺው የጽሑፍ መልሱ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው።